ጋሽ ሙሄና የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

ጋሽ ሙሄ ከሞቱ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። አላለቀስኩም። ቀብራቸው ላይ አላለቀስኩም፣ በአርባው ሰደቃም አላለቀስኩም። ሰው ፊቴን አይቶ "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ነው" ይል ይሆናል፤ ይበል። አንዳንዱ ሊያጽናናኝ ይመጣና "አንተ ነበርክ አይደል የነዳኸው?" ይለኛል። አዎ፣ እኔ ነበርኩ። "በኤሌክትሪኳ መኪና?" አዎ፣ በኤሌክትሪኳ። ሻይ ካለ ሻይ እንጠጣለን።

ጋሽ ሙሄ አምደወርቅ ላይ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። አባታቸው ጨው ሲነግዱ የኖሩ፣ ወንድሞቻቸው እስከ ዛሬ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እሳቸው ብቻ "ንግድ ምላስ ይፈልጋል፣ እኔ ምላሴ አጭር ነው" ብለው ወፍጮ ውስጥ ገቡ። ምላሳቸው ግን አጭር አልነበረም። ከሴቶቹ ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከወፍጮው ጋር ደግሞ በስድብ ያወሩ ነበር። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ግማሽ ነው፤ የወፍጮው ቺንጋ ነው የበላው። ሰው ሲገሥጹ በዚያች ግማሽ ጣት ይጠቁማሉ። እኔ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጠቆመች አልቆጠርኩም።

እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ኪሮስ ነው። ከሰቆጣ አምደወርቅ ሚኒባስ እነዳለሁ። የድሮዋ መኪናዬ ሞተሯን ስትጨርስ አዲስ አበባ ያለው አማቼ ሌላ ሊፈልግልኝ ወጣ። ወጥቶ ደወለ። "የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል፣ አገር ውስጥ ያለውም አይቀመስም። ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን መንግሥት ቀረጡን አቅልሎታል" አለኝ። እኔ በዚያ ሳምንት ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ እየለመንኩ ነበር። "አምጣት" አልኩት። ስለ መብራታችን አላሰብክም ወይ የሚሉኝ አሉ። አሰብኩ እንጂ። ቤንዚኑም የለም፣ መብራቱም የለም፤ ከሁለት የለም አንዱን መምረጥ ነበር፣ መረጥኩ።

መጣች። ነጭ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ድምፅ የላትም። ቤቴ ስሰካት እስከ ማግስቱ ረፋድ ሩብ እንኳ አልሞላላት፣ የጎረቤቶቼ አምፖል ግን ቢጫ ሆነ። "ኧረ ኪሮስ፣ ያንን በሬህን ፍታልን!" ብለው በር አንኳኩ። ሰቆጣ ያሉ ባለወፍጮዎች ዘንድ ሄድኩ፤ ወፍጮ ቤት ጠንካራው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር አለ። "ትራንስፎርመር ታቃጥልብናለህ" ብለው አባረሩኝ። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ መቼ ይሠራል ብዬ ቢሮ ጠየቅኩ፤ በጥናት ላይ ነው ተባልኩ። እስካሁንም በጥናት ላይ ነው።

ከዚያ ነው አምደወርቅ ላይ ጋሽ ሙሄ ደጃፍ የቆምኩት። ከወፍጮ ቤቱ ወጡ። ቅንድባቸው፣ ሽፋሽፍታቸው፣ የሶላት ኮፍያቸው፣ ሁሉም ዱቄት ነው። መኪናዋን አንዴ ዞሯት፣ ሁለተኛ ዞሯትና ኮፈኑን አስከፈቱኝ።

"ሞተሩ የታል?"

"ከታች ነው ጋሼ። ትንሽ ነው።"

"ታዲያ ይሄን የሚያህል ኮፈን ምን ሊሸፍን ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሠሯትን ይጠይቋቸው።"

"ስንት ነው የምትበላ?"

"ስትሞላ መቶ ነው ጋሼ፣ መቶ ፐርሰንት።"

"መቶው ምንድን ነው? ኪሎ?"

ደክሞኝ ነበር። "ኪሎ በሉት" አልኳቸው።

"እንግዲያው አንድ ኩንታል ናት" አሉ፤ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምደወርቅ ላይ መኪናዬ የምትለካው በኪሎ ሆነ። "ኪሮስ፣ አርባ ኪሎ ገብቶላታል፣ ምሳህን ብላ።" "ኪሮስ፣ ሰማንያ ደርሳለች፣ አታጥግባት፣ የጠገበ ከብት ዳገት አይወጣም።" እኔም ለመድኩት። ሰቆጣ ተመልሼ ለሚስቴ "ሠላሳ ኪሎ ይዤ ገባሁ" ስላት ግራ ገብቷት ምን ገዛህ አለችኝ።

ያን የመጀመሪያ ቀን ግን ለመሰካት ገመዱን ሳወጣ ያቺ ግማሽ ጣት ተነሣች።

"ወዴት ነው? ድንጋይ ፈልግ!"

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ይደረደራል። ከገጠር የመጣች ሴት እህሏን ታወርድና ድንጋይዋን ሰልፍ አስይዛ ገበያ ትዞራለች፣ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ዘመድ ትጠይቃለች። ድንጋዩ እሷ ናት። ማንም አይነካውም። እኔ ለመኪና ድንጋይ ያዝ የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

"ለመኪና ጋሼ?"

"ትበላ የለም እንዴ? የሚበላ ሁሉ ወረፋ ይይዛል።"

አንዴ መኪናዋንና ወፍጮውን አብረን ሞክረናል። እሷ ተሰክታ ወፍጮው ሲነሣ መስመሩ ደከመ፣ ቻርጀሩ ጠቅ ብሎ ቆመ። ወፍጮው ሲቆም ቻርጀሩ ነቃ። እኔ መመሪያውን ላገላብጥ ስል ጋሽ ሙሄ የገመዱን ሙቀት በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አድርገው፣ ልክ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣ "አንድ ጡት ለሁለት አፍ ነው፤ ተራ በተራ" አሉ። መመሪያውን አጠፍኩት።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። አንድ የገበያ ቀን ሰው ሞልቶ እየጠበቀኝ ነው፣ ከፊቴ ስምንት ድንጋይ አለ። ጋሽ ሙሄ ለዙሁር ሶላት ገቡ። ድንጋዬን ብድግ አድርጌ ከሦስት ሰው ፊት ወስጄ አስቀመጥኳት። ሰግደው ወጡ፣ ሰልፉን ቃኘት አደረጉ። ፈጩ፣ ፈጩ፣ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ድንጋዬን አንሥተው ሰልፉ መጨረሻ ወስደው አስቀመጧት። ተሳፋሪዎቼ አጉረመረሙ፣ ግማሹ በእግሩ ሄደ። እኔ በንዴት ጨስኩ። "እኔ እኮ ሰው ነው የማመላልሰው፣ እህል አይደለም!" አልኳቸው። "ሴቶቹስ የሚፈጩት ለማን መሰለህ? ለግድግዳ?" አሉኝና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ወፍጮውን ለሠራተኛው ሰጥተው ተራዬ እስኪደርስ ድረስ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ሽንብራ ቆሎ ሰጡኝ። ስለ መኪናዋ ጎማ ጠየቁኝ። ሊሰድቡኝ ይችሉ ነበር፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺን ድንጋይ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ደግሞ አንድ ጊዜ ከላይ ሰዎች መጥተው በወረዳው አዳራሽ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስብሰባ ተደረገ። አየሩ ይጸዳል፣ የውጭ ምንዛሪ ይድናል፣ መጪው ዘመን ይሄ ነው፣ ተባለ። ሐሰት አላሉም። ጋሽ ሙሄ እጃቸውን አወጡ። "እኔ አንዲት ጥያቄ ናት ያለችኝ። ለዚህ ልጅ መኪና የማበላው ከምፈጭበት መስመር ነው። ትራንስፎርመሩ አንድ ነው። መኪናው ሁለት፣ ሦስት ሲሆን ሴቶቹን ወዴት ልላካቸው?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው አባት፣ ይዘነዋል" አሉ ሰውየው።

"ከያዛችሁት ደግ። ብቻ ስትመለሱ መንገድ ላይ እንዳይወድቅባችሁ፣ ኮረኮንች ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰውየውም ሳቀ፣ ጥሩ ሰው ነበር። ከዚያ በናፍጣ መኪናቸው ገብተው ሄዱ።

ጋሽ ሙሄን ከሁሉም ነገር በላይ ያስደነቃቸው ቁልቁለቱ ነው። የእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ሰቆጣ ስወስዳቸው ከፊት አጠገቤ ተቀመጡ። ከአምደወርቅ ወጥተን ረጅሙን ቁልቁለት ስንወርድ የባትሪው ቁጥር መጨመር ጀመረ። "ቆይ! ቆይ! ማን እየሰጣት ነው?" አሉ።

"ማንም። ስትወርድ ራሷ ትሞላለች።"

"ያ አላህ! ቁልቁለት ላይ ትግጣለች በለኛ!" ልጅ የሆኑ ያህል ሳቁ። ታችኛው ድልድይ እስክንደርስ ዓይናቸውን ከቁጥሩ አልነቀሉም። ዳገቱ ሲጀመር ግን ቁጥሩ ይወርድ ጀመር። ያ ዳገት ክፉ ነው። አናቱን ካለፍክ ሰቆጣ ድረስ መሪ መያዝ ብቻ ነው፤ አናቱን ካላለፍክ ግን የለህም። "ይሄ ስንት ኪሎ ይበላል?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በልባቸው ያዙት።

አሁን ወደዚያ ቀን ልግባ።

መብራት ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ኪሎ ይዤ አምደወርቅ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ፤ በሃያ ሁለት ዳገቱ አይታሰብም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ መብራት መጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ "መጣ! መጣ!" አለ። ድንጋዮቹ ከቀናት በፊት ጀምሮ እንደተሰለፉ ናቸው። ከፊቴ ስድስት ሴቶች አሉ፣ ከኋላዬ ደግሞ ብዙ። ጋሽ ሙሄ ወፍጮውን አስነሡ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ። "ምነው ጋሼ?" ስላቸው "ጨጓራዬ ነው፣ ትናንት በርበሬ በዛብኝ" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ላብ ነበር፣ ዱቄቱ በላቡ ተቦክቶ ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ከድጃ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ አንዱ ነግሯት እየሮጠች መጣች። ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ጥያቄ ጠየቀች፣ ከዚያ እኔን ወደ ጥግ ወሰደችኝ። "ጨጓራ አይደለም፣ ልብ ነው። እዚህ የምናደርግላቸው ነገር የለንም። አሁኑኑ ሰቆጣ ሆስፒታል መግባት አለባቸው።" አምቡላንሷ ወላድ ልታመጣ ገጠር ወጥታለች። ለሌሎቹ ሚኒባሶች ደወልን፤ አንዱ ቤንዚን ካየሁ ሳምንቴ ነው አለ፣ የሌላው ስልክ አይሠራም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

"ስንት ኪሎ አላት?" አሉኝ ጋሽ ሙሄ። ሁሉንም ሰምተዋል።

"ሃያ ሁለት።"

"ለዳገቱስ?"

"ሠላሳ አምስት ቢሆን አልፈራም ነበር። አሁን ልሰካት ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ብቻ።"

"ተራህ ሲደርስ።"

ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። "ኧረ በአላህ! ኧረ በማርያም! እኛ እንጠብቃለን፣ መኪናዋ ትቅደም!" አሉ። ሁለቱ ድንጋያቸውን አንሥተው ወደ ኋላ ወሰዱ። ጋሽ ሙሄ ሄደው ድንጋዮቹን ጎንበስ ብለው አነሡና ቦታቸው መለሷቸው። ሲቀኑ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። "ዘጠኝ ቀን ልጆቻችሁ ምን ሲበሉ ነበር? ንፍሮ። መብራቱ ከሰዓት ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? የእኔ ደረት ትንሽ ይታገሣል።" ከድጃ እያለቀሰች እጃቸውን ያዘች። "ከድጃዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አሏት።

እኔ ገመዱን ይዤ ቆሜያለሁ። ሶኬቱ በእጄ ርቀት ነው። ወፍጮውን በአንድ ጣት ማጥፋት ይቻል ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ታመዋል፣ ገፋ አድርጌያቸው ብሰካ ማንም አይከለክለኝም፤ ሴቶቹ እንኳ እልል ይሉልኝ ነበር። አልሰካሁም። ተራዬ ስላልደረሰ አልሰካሁም። እንደዚህ ዓይነት ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አምስቱ ተፈጨላቸው። ስድስተኛዋ ካሰች ናት፤ ሦስት ልጆች ይዛ የቀረች፣ ከቆላው ቀበሌ በእግሯ የመጣች። ማዳበሪያዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠችበት።

"አላስፈጭም። እንዳለ ይዤው እመለሳለሁ።"

"ካሰች፣ ተነሺ።"

"አልነሣም ጋሽ ሙሄ!"

ከንፈራቸው ጠቁሯል። በለሆሳስ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ ነው የተናገሯት። "ካሰች፣ የሰው ሐቅ ከባድ ነው። ተሸክሜው ያንን ዳገት አልወጣም። ተነሺልኝ።" በአገውኛም የሆነ ነገር ጨመሩላት። ተነሣች። ጋሽ ሙሄ ማዳበሪያውን ሊያነሡ ሞከሩ፣ አልቻሉም፣ ዞረው አዩኝ። ማዳበሪያውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወፍጮው አፍ ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ማሽላ ነበር። ሲያልቅ ዱቄቱን እንደ ልማዳቸው በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፣ ከንፈራቸው ላይ አደረጉት፣ "ደቋል" አሉ።

ከዚያ ሰካሁ። ስድስት ኪሎ ሲገባ መብራት ሄደ።

በሃያ ስምንት ወጣን። ከድጃ ከኋላ፣ ጋሽ ሙሄ አጠገቤ። ፔዳሉን ቀስ ብዬ እየረገጥኩ፣ ማቀዝቀዣውንም ሁሉንም ነገር አጥፍቼ ነዳሁ። ቁልቁለቱ ሦስት ኪሎ ጨመረልን። ዳገቱ ግን እንደሚበላው በላ። የነዳጅ መኪና ቢሆን ጩኸቱ ይሸፍናል፤ በዚህች መኪና ውስጥ ትንፋሻቸውን አንድ በአንድ ትሰማለህ። አንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ስንት ኪሎ ቀረ?"

"አራት።"

"አራት ኪሎ እኮ ነገን ያሻግራል" አሉ።

ትንሽ ቆይቶ የኤሊዋ ምልክት በራ፤ ኃይል አልቋል ማለቷ ነው። እንደ ሰው እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች። ከአናቱ ሦስት መታጠፊያ ሲቀረን ነው። ወርጄ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገባሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ የሚደረግ አልነበረም። ስመለስ ጋሽ ሙሄ ጣታቸውን አንሥተው ሸሃዳ እያሉ ነበር፣ ከድጃም አብራቸው ትላለች። ጨረሱ። አንድ አይሱዙ ከታች እየጮኸ መጥቶ ሲደርስ ከድጃ ዓይናቸውን ጨፍናላቸው ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ይሄን ሳወራ አፍራለሁ፣ ግን ምንም አልተሰማኝም። አይሱዙው ገመድ አለኝ ሲል ገመዱን ከየት በኩል እንደሚታሰር አሳየሁት።

እየነዳሁ ነው። ወፍጮውን አሁን ሠራተኛቸው ይዞታል፣ መኪናዋም እዚያው ነው የምትሰካ።

ባለፈው የገበያ ቀን ካሰች መኪናዋ ድረስ መጣች። ሰላምታም አላስቀደመች።

"ዱቄቱን አልበላሁትም" አለችኝ።

"የትኛውን ዱቄት?" አልኳት፣ የትኛው እንደሆነ እያወቅኩ።

"ከነማዳበሪያው አለ። ልጆቹ ሲጠይቁኝ ነቅዟል አልኳቸው። አልነቀዘም። ለሰው ልሰጠውም አፈርኩ፤ ምን ብዬ ልስጥ?" ነጠላዋን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ነህ የምታውቅ። የእኔ ባይፈጭ ኖሮ ትደርሱ ነበር?"

ሁለት ወር ሙሉ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ከድጃ እንኳ። እኔ ግን በየቀኑ ነው የማሰላው። የካሰች ማዳበሪያ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በሩብ ሰዓት አራት ኪሎ ይገባል። የቀሩንን ሦስት መታጠፊያዎች ቆይቼ በሌላ ቀን ለክቻቸዋለሁ፤ ሁለት ኪሎ ነው የሚበሉ።

"አንደርስም ነበር" አልኳት።

"ማርያምን በል።"

"ማርያምን።"

ዓይኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"እንግዲያው ዛሬ አቦካዋለሁ" አለችኝና ወደ ቆላው መንገድ ሄደች።